የደረቀ ጥድ

ኦክቶበር 9፣ ቡኮቪና። ኒስቶር ሁለት በጋ ያደረቃቸው ግንዶች ማገዶ ሆኑ።

ውድ ዶይና፣ አናጢው ኒስቶር ለመንደሩ ድልድይ ካዘጋጃቸው ግንዶች አንዱን ዛሬ እንዳይበሰብስ ከነከረበት የመድኃኒት ገንዳ አውጥቶ ለሁለት ቆረጠው። አረንጓዴው መድኃኒት በሁለት ሳምንት ወደ ውስጥ ከጥፍር ውፍረት አላለፈም።

«ከውጭ አረንጓዴ አይደል? ማን ያውቅብሃል?» አለችው ሚስቱ።

«ሲበሰብስ ይታወቃላ! ልጆች ናቸው የሚሻገሩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይሄ ጥድ ሲደርቅ ውስጡ ውሃ የሚያሳልፉት ጥቃቅን በሮች ተዘግተው ይቀራሉ። በእርጥቡ ነበር መድኃኒቱን ማጠጣት።»

እዚያ እናንተ ጋ ሜዳው ላይ የእኛ የግራር አጥር ያለ መድኃኒት ስንት ዓመት ቆሟል! እዚህ ግን ያለው ጥድ ብቻ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ለሚርቻም ሰላምታ። በጠርዙ ልጨምር፦ ካርዱን ፖስታ ቤት ላደርስ ስነሳ ኒስቶር የሁለት ሰው መጋዝ ብቻውን ተሸክሞ እርጥብ ጥድ ሊቆርጥ በመስኮቴ ሥር ወደ ጫካ አለፈ። ፖስታ ቤቱ ነገም አለ፤ የመጋዙን አንድ ጫፍ ልይዝለት ልወጣ ነው።