ጥርሷ በሶፊ ጣሪያ ላይ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ክፍል ተጀመረ። ሁለተኛ ዓመት። ከሰኞ እስከ አርብ የሰው ልጅ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እኔ ራሴ እማራለሁ... መቼ ነው የምኖረው?

ውዳሴን እንደ አምናው ጠዋት እትዬ ሶፊ ጋ አስገብቻት ሄድኩ። የሚለየን አንድ አጥር ነው። ሶፊ የዚሁ የሀና ማርያም ሰው ናት፤ እኛ ሁላችን ሳንመጣ አባቷ እዚህ ጤፍ ያርሱ ነበር። አሁን መሬቱ ቤት ሆኖ ላሞቹ ብቻ ቀርተዋል። የሰፈሩን ወተት የምታቀርበው እሷ ናት። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል። ልክፈልሽ ስላት ተቆጣች። "ልጅ ለማዋል ይከፈላል እንዴ፣ የውዳሴ እናት?" ሁልጊዜ የውዳሴ እናት ነኝ። ስሜ ቲና መሆኑን ታውቅ ይሆን?

ግዛው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ያገባች ሴት ባል አለኝ ትላለች እንጂ ያላት ስልክ ነው።

ማታ ልወስዳት ስገባ ድሮ እየሮጠች እግሬ ላይ ትጠመጠም ነበር። ዛሬ፣ "ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ቡሬን ላስገባ።" ቡሬ ላሟ ናት። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እንደ ወተት ገዢ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሶፊን "አዳዳ" ማለት ጀምራለች። በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው አሉኝ። ይሁን፣ አክስት ጥሩ ነው። ግን ሁለቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተባባሉና ተያይተው ሳቁ። "ምን አልሽ?" አልኳት። "ምንም።" ስድስት ዓመቷ ነው፣ ምስጢር ትደብቀኛለች!

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ቀናሁ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ጸደቀ። "የወላጆች ተሳትፎ በልጆች ትምህርት ላይ ያለው ሚና።" አማካሪዬ ጥሩ ርዕስ ነው አሉ። መጠይቁን ሳዘጋጅ እስቲ መጀመሪያ በራሴ ልሞክረው ብዬ ቁጭ አልኩ። "በሳምንቱ መጨረሻ ከልጅዎ ጋር ምን ያህል ጊዜ ያሳልፋሉ?" ዘለልኩት።

የቡድናችን ዑስማን አሳይመንቱን የምትተይብለት ሚስቱ ናት። እኔም ሚስት በኖረችኝ!

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

የውዳሴ የፊት ጥርስ ተነቃነቀ! የመጀመሪያዋ። በምላሷ እየገፋች ስታሳየኝ አመሸች። ስትወልቅ አብረን ወጥተን ጣሪያችን ላይ እንወረውራታለን አልኳት። የኔን እናቴ ናት አቅፋ ያስወረወረችኝ፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ እስካሁን ይሰማኛል። "እኔ ሳልኖር እንዳትነቅያት፣ እሺ?" እሺ አለች።

ህዳር 6፣ ቅዳሜ

ወለቀች። ሶፊ ቤት። የተጠበሰ በቆሎ ስትበላ።

"ጥርሷስ?" አልኩ። ሶፊ ደስ ብሏት ወደ ላሞቹ ቤት ጣሪያ አሳየችኝ። "ወረወርናት! ምን የመሰለ ውርወራ መሰለሽ፣ የውዳሴ እናት!"

"እሰይ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ሌላ ነው ያለው።

የልጄ ጥርስ ሰው ጣሪያ ላይ ናት። ደውዬ ለግዛው ነገርኩት፣ ሳቀ። "ቀናሽ እንዴ?" ዘጋሁበት።

ህዳር 7፣ እሁድ

ክፍል ውስጥ ምን እንደተማርን አላውቅም።

ህዳር 12፣ አርብ

የህዳር ሚካኤል ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ ሁሉ በጭስ ታፍኗል። እኔም ውስጤ እየጨሰ ነው። ወሰንኩ። ነገ ወደ ሶፊ አልልካትም። ለሶፊ "አክስቷ ጋ ጎፋ ትውላለች" አልኳት። "ውይ... ቡሬ እኮ ደርሳለች። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትወልዳለች። ልጅቷ እንዴት ስትጠብቅ ነበር" አለች። "ሌላ ጊዜ ታያለች" አልኩ። ላም በየሳምንቱ የምትወልድ ይመስል።

ህዳር 13፣ ቅዳሜ

ካምፓስ ይዣት ሄድኩ። ወይ የኔ ነገር!

የመጨረሻው ወንበር ላይ ስልኬን ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ዑስማን ብስኩት ገዛላት። ተራዬ ደረሰና ፊት ወጥቼ ስለ ወላጆች ተሳትፎ ማስረዳት ጀመርኩ። መምህራችን ዶክተሩ ጥያቄ ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ከኋላ፣ "እማዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው? ቡሬ እኮ እየወለደች ነው!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩም ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰፈር ስንደርስ ቡሬ ወልዳለች። እኩለ ቀን ላይ። ሴት ጥጃ። ውዳሴ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ አየቻት። አላለቀሰችም... ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሶፊ ብቅ አለች። "አክስቷ ደህና ናቸው?"

"አክስቴ ጋ አልሄድንም" አለች ልጄ። "የእማዬ ትምህርት ቤት ነው የዋልነው።"

ሶፊ አየችኝ። ወደ ጥጃዋ ተመለሰች።

ህዳር 14፣ እሁድ

ጠዋት በር ተንኳኳ። ሶፊ የቡሬን እንገር አፍልታ በጣሳ ይዛ መጥታለች። "ነገ ጾም ይገባል፣ ዛሬውኑ ቅመሱ።" ሰጥታኝ ሄደች። ትናንት እንደዋሸኋት እያወቀች! ብትሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር። ውዳሴ ሁሉንም ጠጣችው። እኔ ጣሳውን አጠብኩ።

ህዳር 20፣ ቅዳሜ

ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? አይኔን በጨው አጥቤ ሶፊ ጋ መለስኳት። በሩን ከፍታ አስገባቻት፣ ያ ሁሉ ነገር እንዳልነበረ። ጾም ስለሆነ ወተት ገዢ የለም፣ ጥጃዋ እስኪበቃት እየጠባች ነው።

"ስሟ ማን ተባለ?" አልኩ፣ እንዲያው ለወሬ።

"ገና ነው። እኛ ቤት ለጥጃ ስም የሚያወጣው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ውዳሴን እየጠበቅን ነበር።"

የቤቱ ትንሽ ልጅ... የማን ቤት? ታክሲ ውስጥ እስከ ሳሪስ ድረስ ይቺኑ ቃል ሳኝካት ሄድኩ።

ህዳር 21፣ እሁድ

ዛሬ የጽዮን በዓል ስለሆነ ክፍል የለም። ውዳሴ ቁርስ እንኳን ሳትጨርስ ወደ ጥጃዋ ሮጠች። ነጠላዬን እያጣፋሁ ለቤተ ክርስቲያን ስነሳ ከአጥሩ ማዶ የሶፊ ድምጽ፦

"ቲና! ኧረ ይቺ ቲና! ውጪ ከዚያ! ሆዳም!"

ክው አልኩ። ሶስት ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርታ የማታውቅ ሴት! ለካ ሰው ሲርቅ እንዲህ ነው የምትለኝ? እንዴት በሯን በርግጄ እንደገባሁ አላውቅም።

"እትዬ ሶፊ፣ ምን በድዬሽ ነው? ያውም በበዓል ቀን፣ ያውም ልጄ ፊት?"

ደነገጠች። ቀጥሎ አፏን በእጇ ይዛ... ሳቋ አመለጣት። "አንቺን? ኧረ በማርያም! ጥጃዋን እኮ ነው!"

"በእኔ ስም?"

"እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። የሰው ስም አይሆንም ብያት ነበር፣ እምቢ አለች። ይኸው ራሷን ጠይቂያት።"

ውዳሴ የጥጃዋን አንገት አቅፋ ቆማለች።

"ለምንድነው በእኔ ስም የጠራሻት፣ ውዴ?"

ይሄም ይጠየቃል በሚል አይነት አየችኝ።

"አንቺ ቅዳሜ ትሄጃለሽ። ይቺኛዋ ቲና ግን አትሄድም።"

ሶፊ ፊቷን ወደ ላሞቹ አዞረች። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ህዳር 22፣ ሰኞ

ከሰው አልፌ አሁን በጥጃ ቀናሁ። ደረጃዬ እዚህ ደርሷል።

ትምህርቱን ላቋርጠው? ለግዛው ደወልኩ። "ከአንድ ዓመት በላይ ለፍተሽ?" አለ። "አንተ ምን አለብህ፣ በአንተ ስም የተጠራ በሬ የለ" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ማምሻውን ሶፊ መጣች። ላቋርጥ ነው ስላት ቁጭ አለች። እሷም ወጣት ሳለች ወተት ተሸክማ በየቀኑ ሳሪስ ትሄድ ነበር። ትልቁን ልጇን ሮበሌን የምታውለው ጎረቤት ነበረች። "እግር ያወጣው እሷ ቤት ነው። አንድ ማታ ስመጣ ልጁ ቆሞ ይሄዳል! ያችን ሴትዮ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኳትም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሮበሌ ሲዳር እናቱን ወክላ የጨፈረችው እሷ ናት። እኔ በደስታ ከማልቀስ መች አረፍኩና! አታቋርጪ።" ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። "ጥርሷን እኔ ነኝ ቸኩዬ ያስወረወርኳት። እሷማ እማዬ ትምጣ ብላኝ ነበር። ይቅር በዪኝ።"

እማዬ ትምጣ ብላ ነበር!

ህዳር 27፣ ቅዳሜ

ጠዋት ራሴ ጥጃዋ ጋ ሄጄ አየኋት። አይኗ ትልልቅ ነው። ስሜን መያዟ ካልቀረ፣ አታሳፍርም።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

የክፍል ትምህርቱ አልቋል። የቀረኝ ጽሑፉ ነው፤ ቅዳሜ ቤት ነኝ። ምዕራፍ አራት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ውዳሴ ዳቦ ይዛ መጣች፣ መዳፏ ላይ ጥርስ። ሁለተኛዋ! እኔ ባለሁበት፣ በእኔ ዳቦ!

"ነይ ውጪ፣ እንወርውራት!" ወረቀቱን ጥዬ ተነሳሁ።

"እዚህ አይደለም" አለች። "ያቺኛዋ አዳዳ ጣሪያ ላይ ናት እኮ። ብቻዋን ናት።"

ወጋ አደረገኝ። አልዋሽም። ግን እጇን ይዤ ሄድኩ። አቅፌ ከፍ አደረግኳት፣ ወረወረች። ቆርቆሮው ላይ ኳ ብላ ተንከባለለች።

በዚህ መሀል ሶፊ ከጓሮ፣ "ቲና! ነይ!" ብላ ተጣራች። እኔም ጥጃዋም እኩል ዞርን።

ውዳሴ በሁለት ጎዶሎ ጥርሷ ሳቀች። "አዳዳ! አዳዳ! ዛሬ ሁለቱም ቲናዎች አሉ!"