የአባዬ ኮት

እታለም፣ በደብዳቤሽ «ፈረሱን ፈርተኸው ነው» ያልሽው ግን ማንን ነው? እኔን? ስንቱን አልገራም ባይ ፈረስ ልክ ያስገባሁትን?

ፈረሱ አባዬ ከሞተ ወዲህ እህል አልቀምስ፣ ከጋጣም አልወጣ አለ። ብስበው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች! ዛሬ ጠዋት የአባዬን ኮት ለብሼ ገባሁ። እጅጌውን አሸተተና ገብሱን ጥርግ አድርጎ በላ። ከዚያማ ደረቴን ነፍቼ ግቢውን ሳዞረው፣ እማዬ በመስኮት አየችንና «ዛሬስ ቶሎ መጣህ» ብላ በአባዬ ስም ጠራችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ኮቱን ሳወልቅ ፈረሱ አፉን ይዘጋል። ስለብሰው እኔ ለእማዬ የለሁም። አሁንም አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ለልጃችን ‹ክፉ አይይሽ፣ መንገድሽ ይቅና› ብለህ ጻፍላት» እያለችኝ ነው።

ልጃችን አለች፣ ሰማሽ? ላውልቀው ወይስ ልልበሰው? ዛሬውኑ መልሺልኝ!