በኩሽናው በር ስለሚሸኙት መምህር አምብሮዝ ቲድስዌል ከኤልምስቶው ግራመር ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የኤልምስቶው የወንዶች ግራመር ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪ፣ የላቲን መምህርና በኋላም የቦርድ አባል የነበሩት መምህር አምብሮዝ ቲድስዌል ባለፈው ሳምንት በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ይገልጻል። መግለጫው በማግስቱ መውጣት ሲገባው እስከ ዛሬ የዘገየው፣ ማኅበሩ አስከሬናቸው በየትኛው በር እንደሚወጣ መስማማት ስላቃተው ነው። ከተማው ሁሉ ሰምቶ የጨረሰውን ነገር መደበቅ ስለማይቻል እዚሁ ላይ ማንሳቱን መርጠናል።

መምህር አምብሮዝ በ1937 እ.ኤ.አ. ከመንትያ ወንድማቸው ከሚስተር ዊልፍ ቲድስዌል ጋር እዚሁ ኤልምስቶው ከባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1948 ሁለቱ ወንድማማቾች የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች የሚቀመጡበትን የመግቢያ ፈተና በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ ተፈተኑ። አምብሮዝ አለፉ፤ ዊልፍ ወደቁ። ያለፈ ወደ እኛ ይመጣል፣ የወደቀ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይሄዳል። ያኔ ደንቡ ይህ ነበር፤ ብዙም አልተለወጠም።

ትምህርት ቤታችን በ1566 በአንድ የሱፍ ነጋዴ ኑዛዜ “ለከተማዋ ድሀ ልጆች” ተብሎ የተቋቋመ ነው። ድሆቹ ልጆች መቼና በየት በኩል እንደወጡ ታሪካችን በግልጽ አይናገርም። መምህር አምብሮዝ ግን ይህንኑ ጥያቄ በየዓመቱ በመሥራቹ መታሰቢያ ቀን፣ እንግዶች በተቀመጡበት፣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት ያነሱ ነበር። እንዲተዉት በትሕትና ተጠይቀዋል፤ አልተዉም።

በ1961 ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በላቲን መምህርነት ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። ለሠላሳ ስድስት ዓመታት ሲያስተምሩ አንድም ተማሪ የደንብ ልብሱን ኮፍያ አውልቆ ወደ ግቢው እንዲገባ፣ ክራባቱን እንዲያላላ ወይም በሣሩ ላይ እንዲራመድ አልፈቀዱም። ለወግ በመቆርቆር የሚበልጣቸው አልነበረም። ወግ በማፍረስም የሚበልጣቸው አለመኖሩ ነው ያስቸገረን።

በ1974 የአውራጃው ምክር ቤት ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ለማዋሐድ ሕዝባዊ ስብሰባ ሲጠራ፣ ማኅበሩ ለግራመር ትምህርት ቤቱ ጥብቅና እንዲቆሙ መምህር አምብሮዝን ላከ። መድረክ ላይ ወጥተው “ትምህርት ቤቱን እንዳትነኩት፤ ፈተናውን ግን አቃጥሉት” ብለው ተቀመጡ። የአዳራሹ ግማሽ ለመጀመሪያው ሐረግ፣ ግማሹ ለሁለተኛው አጨበጨበ። ውሕደቱ ቀረ፤ ፈተናውም አልተቃጠለም። እኛ ግን ማንን እንደላክን እስከ ዛሬ እንጠየቃለን።

ከ1978 ጀምሮ በየሳምንቱ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አጥሩን ተሻግረው ለማዶ ልጆች ላቲን አስተማሩ። በማኅበሩ መጽሔት መቶ ሃምሳኛ እትም ላይ ይህ ሥራ “ትምህርት ቤቱ ለአካባቢው ያለውን በጎ ፈቃድ ያሳያል” ተብሎ የተጻፈው ትክክል እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ እንገልጻለን። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አልሰጠም፤ እንዲያውም ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ገሥጿቸዋል። ከእነዚያ የረቡዕ ልጆች አንዷ ዛሬ የእኛው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት መሆናቸውን ስንገልጽ፣ መጽሔቱ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ እንደሚያወጣ ተስፋ በማድረግ ነው።

በ1997 ጡረታ ሲወጡ በአዳራሹ የሚሰቀል ሥዕላቸው እንዲሣል ማኅበሩ ወሰነ። ሠዓሊው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ አላገኛቸውም። በቦታው የተሰቀለው የክሪኬት ቡድን ፎቶግራፍ ነው።

አሁን ወደ በሩ ጉዳይ እንመለስ።

ታላቁ በራችን ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። በመስከረም የመጀመሪያ ጠዋት አዲስ ገቢዎች ይገቡበታል፣ በሰኔ ጨርሰው የሚሄዱት ይወጡበታል፣ ለረጅም ዘመን ያገለገለ መምህር ሲያርፍ ደግሞ ሣጥኑ በጸሎት ቤታችን ከተጸለየበት በኋላ በስድስት የቀድሞ ተማሪዎች ትከሻ ይወጣበታል። በሌላው ቀን ሁሉም ሰው የሚመላለሰው ከኋላ፣ ከኩሽናው ጎን፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ በተደረደሩበት ጠባብ በር ነው።

መምህር አምብሮዝ በማኅበሩ ዓመታዊ እራት ላይ ለንግግር በተነሡ ቁጥር የሚዘጉት በአንድ ቃል ነበር፦ “ስሞት በኩሽናው በር አውጡኝ።” በየዓመቱ እንስቅ ነበር። አንዳንዶቻችን ቃሉን ቀድመን እያልን እናጅባቸው ነበር። የላቲን አስተማሪ ቀልድ ነው ብለን ወስነን ነበር።

ስለዚህ እንዳረፉ ሳናመነታ የታላቁን በር ቁልፍ ፍለጋ ጀመርን፣ ስድስቱን ተሸካሚዎች መረጥን፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኮሎኔል ፔሬግሪን ሃክስቢም የመርሐ ግብሩን ዝርዝር ለሚስተር ዊልፍ ቲድስዌል ለማሳወቅ ሄዱ። ሚስተር ዊልፍ ለሠላሳ ዓመታት የትምህርት ቤታችንን አውቶቡስ የነዱ ናቸው፤ ሊቀ መንበራችንንም በልጅነታቸው ከነጭቃ ጫማቸው አመላልሰዋቸዋል። ዝርዝሩን አዳምጠው ሲጨርሱ “ቀልድ መስሏችሁ ነው እንዴ ልጄ? አምብሮዝ በዕድሜው ቀልዶ ያውቃል?” አሏቸው።

ማኅበሩ በጉዳዩ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ከመምህር አምብሮዝ አንደበት የወጣ ሌላ አንድ ቀልድ የሚያስታውስ አባል እንዲናገር ጠየቀ። ቃለ ጉባኤው አንድም ቀልድ አልመዘገበም።

ቢሆንም አልተስማማንም። ገሚሱ “በበርሜል መካከል መምህር አይሸኝም” አለ። ገሚሱ ደንቡ ከተጣሰ ማኅበሩ ምን ሊሠራ ይኖራል ሲል ጠየቀ፤ ጥያቄው መልስ የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ ታልፏል። በመጨረሻም ሚስተር ዊልፍ የማኅበሩ የክብር አባል እንዲሆኑ፣ የአባልነት ምልክት የሆነው ክራባት እንዲሰጣቸውና ከስድስቱ ተሸካሚዎች ጋር በታላቁ በር እንዲያልፉ አስታራቂ ሐሳብ ቀረበ። በከፍተኛ ድምፅ ጸደቀ። ሁላችንም ጥሩ የሠራን መስሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

ሊቀ መንበሩ ክራባቱን ይዘው ሄደው ክራባቱን ይዘው ተመለሱ። ሚስተር ዊልፍ የሰጧቸው መልስ በቃለ ጉባኤ ስለተያዘ እንዳለ እናቀርበዋለን፦ “በአሥራ አንድ ዓመቴ ወድቀሃል አላችሁኝ። በሰማንያ ሰባት ዓመቴ ደግሞ አልፈሃል ልትሉኝ ነው? ተዉት፣ ደክሞኛል።”

ከዚያም ሊቀ መንበሩን አስቀምጠው፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ማናችንም ያልጠየቅነውን ነገሯቸው። በ1948 መስከረም፣ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ዊልፍ ወንድማቸውን ሊያደርሱ እስከ ታላቁ በር አብረው መጥተው ነበር። ዘበኛው “አንተ በዚህ አይደለም” ብሎ አስቆማቸው። አምብሮዝ ከሰልፉ ወጡ፣ ከወንድማቸው ጋር አጥሩን ዞሩና በኩሽናው በር ገቡ፤ ለዚህም በመጀመሪያው ቀን ተቀጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዊልፍ በየጠዋቱ እስከዚያ በር አድርሰዋቸው ወደ ማዶ ይሄዱ፣ የመጨረሻው ደወል ሲደወልም መጥተው እዚያው ይጠብቋቸው ነበር። ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ። መምህር ከሆኑ በኋላ ደግሞ ዊልፍ አውቶቡሱን የሚያቆሙት እዚያው በር ላይ ነበር።

ማኅበሩ ይህን ከሰማ በኋላ አባላቱን አጠያይቋል። መምህር አምብሮዝን በተማሪነት፣ በመምህርነትም ሆነ በቦርድ አባልነት በታላቁ በር ሲገቡ ወይም ሲወጡ ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። በየሰኔው የሽኝት ቀን ከሰልፉ ጎድለው ኩሽናው ጋ መቆማቸውን ብዙዎቻችን አይተናል። ብስክሌታቸው እዚያ ስለሚቆም ነው ብለን ነበር። ለሠላሳ ስድስት ዓመታት ያስተማሩን ሰው የሚያደርጉትን አይተን አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለን አለመጠየቃችን አሳፍሮናል፤ ተናድደናልም፤ ከእሳቸው ይልቅ በራሳችን።

ስለሆነም የቀብር ሥነ ሥርዓቱ የፊታችን ሐሙስ ይፈጸማል። ቁልፉ የተገኘ ቢሆንም ታላቁ በር አይከፈትም። በርሜሎቹ እንዲነሡ ርእሰ መምህርቷ አዘዋል። አበባ የሚልኩ አባላት በሩ ጠባብ መሆኑን እንዲያስቡበት፣ ስለ ደንቡ ሊሟገቱ በስልክ የሚደውሉም መደወላቸውን እንዲያቆሙ በአክብሮት እናሳስባለን። የተመረጡት ስድስት ተሸካሚዎች ሥራቸው እንደተጠበቀ ነው። ሚስተር ዊልፍ ወደ ውስጥ ገብተው እንዲሸከሙ በድጋሚ ቢለመኑም ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ “ውስጥ ውስጡን እናንተ አምጡት። በሩ ጋ እኔ እቀበለዋለሁ። ድሮም እንደዛ ነበር።”

ማኅበሩ ለመላው የቲድስዌል ቤተሰብ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በአጥሩ በዚህም በዚያም ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ሣጥኑ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ከጸሎት ቤት ይነሣል። አባላት እስከ ኩሽናው በር ድረስ ይሸኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ መምህር አምብሮዝ ከወንድማቸው ጋር ይሄዳሉ።