ትእዛዙ በማን ላይ ወደቀ

ጥር 4
የማታውን የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ጨረስኩ። ከክፍሉ እንደኔ አሳምሮ የሚጽፍ የለም... አስተማሪውንም ጨምሮ።
ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የቢሮው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቀጥ ብሎ ቆመ። ዋናው ኮምፒውተር ሥር ስወለውል ነበር። አለቃ መጀመሪያ መወልወያዬን አየ። ቀጥሎ እኔን።

ጥር 6
ደገመው። ያው ስድስት ሰዓት። አለቃ መጣ።
«ገመድ ትነካለህ አይደል?»
«ጌታዬ፣ ከቆሻሻ ሌላ የገደልኩት የለም።»
አልሳቀም። «አንዴ ከደገመ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ።»
ማነው ጉድ የሚሠራኝ? ፕሮግራሙን የምትጽፈው ልጅ፣ ፕሮግራመሯ? ስድስት ሊሞላ ሲል ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ ታያለች...

ጥር 7
ዛሬ አልቆመም። ይሄ ደግሞ የባሰ ያስጠረጥራል።

ጥር 9
መወልወያዬን ቆልፌ አስቀምጬ አለቃ ፊት ቁጭ አልኩ።
«ምን እየሠራህ ነው?»
«አለመሥራቴን ይዩልኝ ብዬ ነው።»
ስድስት ሰዓት... ቆመ!
በቀጥታ ወደ ፕሮግራመሯ ሄድኩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ?»
ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔም እያደንኩት ነበር። ዛሬ ያዝኩት።»
ፕሮግራሙ ውስጥ ስምንት ሠራተኞች አሉ፤ «ክር» ትላቸዋለች። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ «አዲስ መዝገብ ክፈቱ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ከርነል የሚባል የኮምፒውተሩ አዛዥ ተቀብሎ፣ ጆሮውን ያልደፈነ አንዱ ላይ ይጥለዋል። ማን ላይ? እሱ ያውቃል። የተጣለበት የያዘውን ሥራ እንደያዘ ትእዛዙን ይጀምራል። አንዳንድ ቀን የመዝገቡን ቁልፍ የያዘው ላይ ይወድቃል። ትእዛዙ ደግሞ ያንኑ ቁልፍ ይፈልጋል። ሰውዬው ቁልፉ እስኪመለስ ይጠብቃል... ከራሱ! ሌሎቹም እሱን ሲጠብቁ ይደርቃሉ።
«ታዲያ የስምንቱንም ጆሮ ድፈኚዋ! ምንም ያልያዘ አንድ በረኛ ጨምሪ። እሱ ብቻ ይስማ፣ ቁልፉን ተራውን ጠብቆ ይቀበል።»
ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞረች። «ማን ነገረዎት?»
ማን ይነግረኛል! የሕንፃችን በረኛ እንደዚያ አይደል? ግን... ቀድማ ታውቀው ይሆን? ደስ ይበለው ብላ?

ጥር 16
በረኛውን ከጨመረች ሳምንት ሙሉ አልቆመም። አለቃ ዛሬ «ከኮምፒውተሩ ሥር ደህና አድርገህ ወልውልልኝ» አለ። ምን ፈልጎ ነው?
ፕሮግራመሯ ስክሪኑን አዞረችልኝ። ለአዲሱ በረኛ በእኛው ፊደል ስም አውጥታለታለች። ጣቷን ሳትቀስር አነበብኩት፦ «ጋሼ መወልወያ»።
በረኛው ምንም አይይዝ... ሥራ ፈት ማለቷ ይሆን?
ይሁን... ሁለቴ አነበብኩት።