ሽማግሌ ለላክንብዎ የወለድ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የባንኩ ክሬዲት ካርድ ወለድ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

በቅድሚያ እንደምን ከርመዋል? በዚህ የሚኒሶታ ብርድ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ስምዎን ጠርቼ ያልጻፍኩት አክብሮት ጎድሎኝ ሳይሆን፣ ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞችዎ ስምዎን እንደ መንግሥት ምስጢር ስለሚጠብቁት ነው። እኔ ቢራቱ እባላለሁ፤ የኮሎምቢያ ሃይትስ ነዋሪ፣ የኤርፖርት መንገደኛ አመላላሽ ሾፌር፣ የእርስዎም የካርድ ደንበኛ ነኝ። በአማርኛ የምጽፍልዎ ባንክዎ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ያደለው ወረቀት በአማርኛ ስለነበር ነው። «ውድ ቤተሰባችን» ይላል። ስለ ዝምድናው ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ዜሮ መሆኑ የእንቁላል ያህል ገዝፎ፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ዘጠኝ በመቶ መሆኑ ግን ጉንዳን አክሎ ተጽፎ ነበር። የመኪናችን ካምቢዮ ሲበላሽ በካርዱ አሠራን፤ ያለ መኪና ሥራ የለማ። ዓመቱ ሲያልቅ በየወሩ የምንከፍለው ወለዱን እንጂ ዋናውን ዕዳ ንክች አላደርግ አለ። በእርግጥ አስተውሎ ማንበብ የእኛ ፋንታ ነበር፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፪. በመስከረም ባለቤቴ ሰገነት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ብሉሚንግተን በሚገኝ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ስታነሣ ትውላለች። ሐኪሟ ሥራ አቁማ እንድትተኛ አዘዛት። ወለዱ ቢቀንስልን በእኔ ገቢ ብቻ እስክትወልድ ልንዘልቅ እንችል ነበርና ደውዬ ለመንኩ። ያነጋገረችኝ ሠራተኛዎ እጅግ ጨዋ ናት። ቅናሹ የሚሰጠው ክፍያ ላቋረጡ ደንበኞች ብቻ እንደሆነ፣ እኛ ግን አንድም ወር አሳልፈን ስለማናውቅ «ኳሊፋይ» እንደማናደርግ አስረዳችኝ። በታማኝነታችን እንደምትኮሩብንም ነገረችኝ፤ ኩራታችሁ ደርሶናል።

፫. እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። ቤተሰብ ብላችሁናልና፣ በቤተሰብ መካከል ነገር ሲከር እንደሚደረገው ሽማግሌ ላክንብዎ። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ቶማስ፣ ጡረተኛው ጎረቤታችን አቶ ነጋሲ እና የሰፈራችን እናት ወይዘሮ ወርቂ ከነክብር ልብሳቸው ሲዋርድ ሰፈር ወዳለው ቅርንጫፍዎ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ተቀመጡ ቢላቸው፣ ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም አሉ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ እሺታውን ሳይሰማ ወንበር አይነካም። ባንክዎ ግን ሦስት አዛውንት ቆመው አንቀመጥም፣ አንወጣምም ሲሉ ዝርፊያ መስሎት ጥበቃ ጠራ። አቶ ነጋሲ ለጥበቃው «የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ ለምሕረት ነው የመጣነው» ብለውት ነበር፤ እሱ ደግሞ አማርኛ አይሰማም። በሩን ከፍቶ በትሕትና ስለሸኛቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

፬. ሰገነት ሥራዋን ቀጠለች። በጥቅምት መጨረሻ አልጋ እያነጠፈች ሳለ ደም ፈሰሳት። ወንድ ልጅ ነበር፤ አልተረፈም። እነዚያው ሽማግሌዎች ያንኑ ልብሳቸውን ለብሰው ለለቅሶ ቤታችን መጡ፤ የዚያን ዕለት ተቀመጡ የሚላቸው ሳያስፈልግ ተቀመጡ። ይህን ቅሬታ በጨዋ ቋንቋ ላስውበው ሞክሬ አቃተኝ። ተቆጥቻለሁ፤ ልቤም ተሰብሯል።

፭. እሷ ሆስፒታል ተኝታ፣ ኋላም ቤት ውላ፣ ሁለት ወር ሳንከፍል ቀረን። ያኔ ታዲያ ሳንደውልልዎ፣ ሽማግሌም ሳንልክብዎ አስታወሱን። ልጃችን ሊወለድበት በነበረው በጥር ወር «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ ወለዳችን ወደ ዘጠኝ በመቶ ወርዷል። ለቸርነትዎ የሚመጥን ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ሰገነት ደብዳቤውን አንብባ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ እስከ ማታም አልወጣችም።

ወለድዎ ይብዛ፣ ሠራተኞችዎም ከነጨዋነታቸው ይቆዩልን እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቢራቱ ኤጀታ
ከብዙ ድካም በኋላ ችግረኛ ለመባል የበቃ ደንበኛዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቅናሹ እንዲጸና የባለቤቴም ፊርማ ያስፈልጋል ብላችኋል። ሰገነት ብዕሩን ካነሣች በኋላ መልሳ አስቀመጠችውና፣ በጥር የተቻለው በመስከረም ለምን አልተቻለም ብላ ጠየቀችኝ። እባክዎ መልሱን እርስዎ ይጻፉላት።