አባ ቦራ፣ የፈረስ ማቆሚያህ ላይ ምስር ዘራሁ

ውድ ባሌ አባ ቦራ፣

አላህ ጀነት ያግባህና፣ ከተለያየን ስምንት ወር ሞላን። ይህን ሁሉ ጊዜ ዱዓ እንጂ ወሬ አልላክሁልህም። ዛሬ ያየሁትን ግን ካንተ ሌላ ለማን ልንገር? ልጃችን ዘይነባ ከኮምቦልቻ መጥታ እኔ እያወራሁ እሷ ትጽፋለች። ቀስ በይ እማ እያለች ትቆጣኛለች፤ ቀስ የሚል አንጀት የለኝም፣ ልቤ ገና ከፈረሶቹ ጋር እየሮጠ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። አገር ሁሉ በስሙ የጠራህን ፈረስህን ቦራን አልሸጥሁትም፤ ጓደኛህ አበጀ እየቀለበልኝ ነው። ፈረሱን ሰው አድርገህ ትቆጥረው የለ፣ እኔም ሰው አድርጌ ይዤዋለሁ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ኢዳዬን፣ ጨርሼ ከቤት እንደወጣሁ ገበሬ ጠርቼ ያቺን ለፈረስ ማቆሚያ ያቆየሃትን ማሳ አሳረስኋት። ምስር ዘራሁባት፣ ዙሪያዋንም በእሾህ አጠርሁ።

ዘይነባ ማሳዋ ለምን ይህን ያህል ዘመን ጦም እንዳደረች ብትጠይቀኝ፣ አንተ እኔን ስታስረዳኝ እንደኖርኸው አስረዳኋት። በየጥምቀቱ ማግስት የሚሽቀዳደመው የቦሩ ሜዳ ፈረሰኛ ድሮ የሚነሳው ከመንገዱ ማዶ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ መነሻው ወደ ጥዱ ተገፋ፤ ቤት ሲበዛ ደግሞ ሜዳው ከጎንና ከጎኑ ጠበበ። መሀሉ ላይ በበጋም የማይደርቅ ረግረግ አለ፣ አዋቂ ጋላቢ ግራውን ይዞ ያልፈዋል። ከረግረጉ ወዲህ ጠንካራ ሣር ነው፤ ፈረስ ያለ የሌለ ጉልበቱን የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው። ከመጨረሻው መስመር ኋላ የኛ ማሳ፣ ከማሳው ኋላ ቦረቦር። በአያትህ ጊዜ አንድ ፈረስ መቆም አቅቶት ከነጋላቢው ቦረቦሩ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ አያትህ ማሳዋን ለፈረስ ማቆሚያ ተዋት፤ አባትህም ተዋት፣ አንተም ተውሃት።

እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ጨቀጨቅሁህ። የሰው ጥምቀት እኛን ምን አገባን ብዬህም አውቃለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንተም፣ ጎረቤቶቻችን አይደሉም እንዴ ብለህ ትስቅ ነበር። ሳቅህ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

ዛሬ፣ በጥምቀት ማግስት፣ ምስሬን ልጠብቅ ወጣሁ። እንጂማ ለውድድሩ ወጥቼ አላውቅም፤ በዚያ ቀን አኩርፌ ደጄን ዘግቼ እንደምውል ታውቃለህ። ውድድሩን የሚመሩት ሽማግሎች አጥሩን አዩና አንድ ቃል ሳይናገሩኝ የመጨረሻውን መስመር ወደ ረግረጉ አስጠግተው ምልክት ተከሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አበጀ የራሱ ፈረስ ስላረጀበት ቦራን ጭኖ ወጣ። ሲነሱ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ቦራ ረግረጉን አለፈና ሣሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ሊወነጨፍ ሲል፣ መስመሩ ቀርቦ ነበርና አበጀ ልጓሙን ሳበው። ፈረሱ እምቢ አለ፤ ማቆሚያው የት እንደሆነ ያውቃላ! ሁለት ጊዜ በኋላ እግሩ ቆመ፣ አፉ ደማ። አበጀም ዕድሜውን ሙሉ ካንተ ጋር ሲሽቀዳደም የኖረ ሰው፣ ወደኔ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አጥሩን በእጄ ነቃቀልሁት። እሾሁ መዳፌን ወጋኝ። ዘይነባ አብደሻል ወይ እያለች ሮጣ መጣች፣ ከዚያ እሷም አብራኝ ትጎትት ጀመር። ሽማግሎቹን መስመሩን ወደ ቦታው መልሱና ድገሙት አልኋቸው።

ደገሙት። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ሽምጥ እየጋለቡ መጡ፣ ማንም ልጓም አልሳበም። መስመሩን አልፈው ምስሩ ውስጥ ሲገቡ አፈሩና ቅጠሉ እላዬ ላይ ተበተነ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እየዘለልሁ እልል አልሁ። ቦራ አንደኛ ወጣ ወይ ትለኛለህ። ሦስተኛ ነው። አበጀ ግን ከቦረቦሩ አፋፍ ላይ አቁሞት ሲመለስ፣ አንደኛ የወጣውም እንደሱ አልሳቀም። አበጀ ከፈረሱ ወርዶ ትከሻዬን ሳመኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ከምስሩ የተረፈው ለአንድ ድስት እንኳ አይበቃም፣ ቅር አላለኝም።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን ይበላኛል። እንዲህ እንደሚያምር አላወቅሁም ነበር። ሠላሳ ጥምቀት እዚያ ጋለብህ፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ አኩርፌ ነበርሁ። አንድም ቀን ስትጋልብ ሳላይህ ሞትህብኝ።

ማሳዋን ከእንግዲህ በሬ አይረግጣትም፤ ዘይነባንም ቃል አስገብቻታለሁ። እኔም እግሬ እስከቻለ ድረስ በየዓመቱ መስመሩ ዳር እቆማለሁ። ፈረሶቹ ሲመጡ፣ አርፍጄም ቢሆን አይሃለሁ።

ሚስትህ ከዲጃ