ቀይ ሆኖ የሚበስል ፍርምባ

ማክሰኞ፣ ጥር 20፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሰባተኛ ቀን። ባልዲውን ዛሬም ከፈትኩት። ሥጋው እንደተኛ ነው። አይሸትም፣ አይጠቁርም። ሳህን ተጭኖበት ውኃው ሥር ጸጥ ብሏል። በጣቴ ነካሁት፤ ጠንክሯል።

አንቺ ደብተር፣ ጉራ ነው አትበይ እንጂ በጅማ ከእኔ የሚበልጥ ሥጋ ቆራጭ ካለ ገና ጡት አልጣለም። ከዳውሮ ስመጣ ንብረቴ አንድ ቢላ ነበር። ዛሬ የዚህ እንግዳ ማረፊያ ሥጋ ክፍል ያለ ዳዊት አይከፈትም። ዓይኔን እሰሩኝ፤ ሽንጡን ከዳቢት በጣቴ እለያለሁ። የማታ ት/ት አብረውኝ ከጀመሩት ግማሾቹ ቀሩ፤ እኔ ጨረስኩ። አሁን ደግሞ እጽፋለሁ። ምን ቀረኝ?

ይሄ ባልዲ ግን ግራ አጋባኝ። የሼፍ ነኢማ ሥራ ነው። የሄርማታ ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ትልቅ ሆቴል ሠርታ ነው የተመለሰችው። ቡና ሊገዙ የሚመጡ ፈረንጆች አሉ፤ ለእነሱ ኮርንድ ቢፍ የሚባል ነገር ታዘጋጃለች። ከፍርምባ በምን ይለያል? ብዬ ጠየቅኳት። በምንም አይለይም አለች፤ ያው የበሬ ደረት ነው፤ የቆረጥኩትም እኔው ነኝ። ፍርምባው በዕለቱ ድስት ይገባል። ያኛው አሥር ቀን በጨው ውኃ ተኝቶ ይሰነብታል፤ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ድንብላል፣ ነጭ ሽንኩርት። እና አንድ ሌላ ጨው። ሮዝ ነው። በትንሽ ሚዛን መዝና ጨመረችው፤ ወዲያው ማሰሮውን ሣጥን ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት።

ፀሐይ ሳያየው፣ እሳት ሳይነካው አሥር ቀን። ቋንጣ እንኳ ነፋስ ይፈልጋል።

ዓርብ፣ ጥር 23፤ 10 ሰዓት

ተቀቀለ። ሁለት ድስት ጎን ለጎን ጣድን፤ በአንዱ ተራ ፍርምባ፣ በአንዱ የባልዲው። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ተራው እንደ ወጉ ቡኒ ሆኖ ወጣ። የሌላውን ክዳን ሳነሳ ወደኋላ አልኩ።

ቀይ። ከቢላ ሥር የወጣ ይመስላል። እንፋሎቱ እየተነሳ፣ ሹካ ሲነካው እየተፈታ፣ ቀይ። በስሏል፤ ግን መብሰሉን አላወቀም። ሃያ ዓመት ሥጋ ሳይ እንዲህ ያለ አላየሁም። የሞተ ነገር የሞተ መምሰል አለበት።

ነኢማ ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ ጂኒ ያዩ መሰሉ እኮ።»

ጂኒ ሲያየኝ ነው የሚደነግጠው አልኳት። ወላሂ ጨው ብቻ ነው አለች፤ ያ ሮዙ ጨው የሥጋውን ቀለም አስሮ ያስቀረዋል፤ እሳትም አያስለቅቀውም። አንድ ቁራሽ ሰጠችኝ። ጠግቤአለሁ አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገርኳት። እጇን አጨብጭባ ሳቀች። «የበሰለ ቀይ ሥጋ? አንተ ሰውዬ፣ ፊደል ስትቆጥር ውሸትህም አብሮህ ተማረ።» በአጥር በኩል ለአዴ ሐሊማም አሰማቻቸው፤ ወተትና እርጎ የሚሸጡልን ጎረቤታችን ናቸው። ሁለቱም ሳቁብኝ።

አሳያታለሁ። በዓይኗ ታያለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 24፤ ከሰዓት

ከሄርማታ ገበያ ሁለት ኪሎ ፍርምባ ገዛሁ፤ የመረጥኩት ራሴ። ነኢማ ለሶላት ስትወጣ ሣጥኑን ሳትቆልፈው ቀረች። ማሰሮው ላይ ጽሑፍ አለ፤ የራሷ እጅ። ቆሜ አነበብኩት፤ «የምግብ ጨው አይደለም። በሚዛን ብቻ።» አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። እንዴት ደስ አለኝ። ደግሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ከዚያ አንድ ጭብጥ ሙሉ በላስቲክ ቋጥሬ ወጣሁ።

አሥር ቀን የሚጠብቅ ሥራ የሌለው ነው። ጨው ሲበዛ ሥጋው ቶሎ ይይዛል፤ ይህን የማያውቅ ሥጋ ቆራጭ የለም። ቤት ሥጋውን ድስት ውስጥ በውኃ ዘፍዝፌ ጭብጡን በሙሉ ጨመርኩት። በሦስት ቀን ይደርሳል። ድስቱ ጓሮ፣ ጥላ ሥር ነው። አልማዝ እንዳትነካው ተብላለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 27፤ 7 ሰዓት

ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ቀቀልኩት። ከነኢማም የበለጠ ቀይ። አልማዝ ድስቱን አየች፣ እኔን አየች። መሳቅ ተወች። «በኢየሱስ ስም፣ ይሄ ነገር አሁንም በሕይወት አለ እንዴ?» አለች። አልነገርኩሽም ነበር? አልኩ። ደረቴ ተነፋ።

ቅመሺ አልኳት። አንተስ? አለች። እየቆረጥኩ ስቀምስ ጠገብኩ አልኩ። ውሸት ነው፤ አልቀመስኩም። ቀለሙን ሳየው እጄን እሰበስባለሁ። እሷ በላች፤ ወፍራም ወፍራም ቁራጭ፤ በቂጣ። መረቁንም ጠጣች። ጨው በዝቷል አለች፤ ጠዋት አዴ ሐሊማ ያመጡላትን እርጎ አከለችበት። ይጣፍጣል አለች።

አመነችኝ። አሁን ማን ይስቃል?

ያው ቀን፤ 8 ሰዓት ከሩብ

አልማዝ ራሴን አዞረኝ አለች። ተቀምጣለች።

ከንፈሯ

ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ፤ ወደ በሩ አወጣኋት። ጥፍሯም። ጆሮዋም። ብርድ የለም። እየተነፈሰች ነው፤ ግን አየሩ አይደርስም ትላለች። ሳህኑ ላይ የተረፈው ሥጋ ቀይ ነው፤ እሷ ሰማያዊ። ባጃጅ ልጠራ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 28፤ 4 ሰዓት፣ ሆስፒታል

ተርፋለች። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ተርፋለች።

ትናንት ደሟን ለምርመራ ሲቀዱ አየሁ። ቡኒ ነው። የቡና አተላ። ነርሷም መርፌውን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አነጋገሯ የጎጃም። ምን በላች? አለችኝ። ከጸሎት ቤታችን የመጡ ሴቶች ከኋላዬ ቆመዋል። አፌን ከፈትኩ፤ «እርጎ» የሚል ወጣ። ከየት? አሉ ሴቶቹ። ከአዴ ሐሊማ አልኩ። አንቺ ደብተር፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ነኢማ ትዝ አለችኝ፣ ሣጥኑ ትዝ አለኝ፣ ሥራዬ ትዝ አለኝ፤ ሃያ ዓመት። ምላሴ ቀደመኝ።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ይሄ ቀለም ከእርጎ አይመጣም፤ ጊዜ የለንም፤ ሌላ ምን? አለች። ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ የሮዙን ጨው ነገርኳት፤ ጭብጡንም። ሮጠች። በመርፌ የሰጧት መድኃኒት ደግሞ ራሱ ሰማያዊ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም የመሰለ። ሰማያዊ ለሆነች ሴት ሰማያዊ መድኃኒት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሯ ተመለሰ።

ከዚያ ሽንቷ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ከመድኃኒቱ ነው፤ ሐኪሟ ነግራኛለች። ሴቶቹ ግን አዩት። ያ ክፉ ዓይን ወጣ አሉ። ሃሌሉያ አሉ። እኔ አላረምኳቸውም።

ሐኪሟ ለብቻዬ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ይህ ጨው ሥጋ ላይ ሲሆን ቀዩን ያስቀራል፤ ሰው ደም ውስጥ በብዛት ሲገባ ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። ለባለቤትህ ንገራት፤ የተረፈውን ሥጋ ማንም እንዳይበላው አለች። ቤት ስንገባ እነግራታለሁ አልኩ።

ዓርብ፣ ጥር 30፤ 5 ሰዓት

አልነገርኳትም።

ሰፈሩ ጭር ብሏል። በአዴ ሐሊማ በር ጠዋት ጠዋት ሰው ጣሳውን ይዞ ይሰለፍ ነበር። ትናንት ማንም። ዛሬ ማንም። የወተት እንስራው ሞልቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ዝንብ ከቦታል። የሚያልፍ ሰው ወደ ማዶ ይሻገራል። ቡዳ ናቸው ተብሏል። ሥራቸው ወተት ነው፤ ሌላ የላቸውም፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አልማዝ የቀረውን እርጎ ደፍታ ቅሉን ሰበረችው። እሷና አዴ ሐሊማ እኮ በአጥር ሳይነጋገሩ ውለው አያውቁም ነበር።

የተረፈውን ሥጋ ማክሰኞ ባጃጁ ሲጠብቅ አቮካዶው ሥር ቀብሬው ነበር። ዛሬ ውሻ ቆፍሮ አውጥቶ ጥሎት ሄዷል። አልበላውም። ጉንዳንም አልወጣበትም። ሦስት ቀን አፈር ውስጥ ሰንብቶ ቀይ ነው። እያየኝ ነው ልበል? ሥጋ አያይም። ግን ጀርባዬን ሰጥቼ አልቀበርኩትም፤ ዞሬ፣ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ፣ በጥልቁ ቀበርኩት።

ሥራ ቦታ ነኢማ ማሰሮውን ሚዛን ላይ አስቀምጣ አየኋት። አየችኝ። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

እሁድ፣ የካቲት 2፤ 8 ሰዓት

ጸሎት ቤት። ለምስክርነት ጠሩኝ። ዳዊት ሲቆም ጉባኤው ገና ሳይናገር ይስቃል፤ እንዲህ ነኝ። ቆምኩ። ሁሉም ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። ጌታ መልካም ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

አልማዝ ተነሳች። ከክፉ ዓይን አዳነኝ አለች። አሜን ተባለ። ስም አልጠራችም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ አልተለየኝም አለች። እጄን ያዘች። እጇ ሞቃት ነው፤ ጥፍሯ ሮዝ። ጥፍሯን እያየሁ ዋልኩ።

9 ሰዓት

አዴ ሐሊማ መጥተዋል። አጥራችን ጋ፣ ከውጭ። አይገቡም። ግቡ ብላቸውም አይገቡም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ልጄ፣ አልማዝ ተሻላት?» አሉ።

ተሻላት አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ።» አሉ። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «እኔ ሰው በልቼ አላውቅም፤ ዳዊት። አንተም ታውቀኛለህ። ወደ ደዶ፣ ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው፤ ላሟን ሸጬ። ሳልነግራት እንዳልሄድ ብዬ ነው።»

ቀልድ ፈለግሁ። በሕይወቴ አንድም ቀን አጥቼ አላውቅም። የለም።

ትንሽ ይቆዩ አልኳቸው፤ በርጩማ አወጣሁላቸው፤ ተቀመጡ። ገብቼ ይህን እየጻፍኩ ነው። በአፌ ከጀመርኩ አፌ ይቀድመኛል፤ እንደ ሆስፒታሉ። እርጎ ይላል። የተጻፈውን ግን እንዳለ ማንበብ እችላለሁ፤ ከማክሰኞው እስከዚህች መስመር፣ ሳልዘል። ከዚያ አልማዝ የፈለገችውን ትበለኝ። ነገ ደግሞ ለነኢማ። ሥራውም ይሂድ።

አልማዝን ጠርቻታለሁ። ከማን ጋር ነው የምታወራው? አለች። ነይ ውጪ፣ የማነብልሽ አለ አልኳት። ሳቀች፤ ጫማዋን እያጠለቀች ነው። አዴ ሐሊማን በበሩ አየቻቸው። ሳቋ ቆመ። ተመልሳ ሳትገባ ማንበብ ልጀምር።